የምክትሉን ጥያቄ ያነሣ ሰው

እስቲ ንገሩኝ፤ የአንድ አገር ምክትል ርእሰ ብሔር እንዴት ነው የሚመረጠው? አዎ፣ እናንተን ነው፤ ይህን የምታነቡትን። ዋናውንስ ተዉት፤ የዋናውን ነገር በዚያ ዘመን በሰው ፊት የሚያነሣ አልነበረም። ምክትሉን ነው የምላችሁ። ማን ያቀርበዋል? ከማን ጋር ይወዳደራል? እጁን የማያወጣ ሰው ቢገኝ የት ይቆጠራል? የሚያውቅ ካለ ይናገር። የማያውቅም አይፈር፤ ይሁኔ ወልደየስም አያውቅም ነበር፤ ያውም የሕግ መምህር ሆኖ፣ ያውም ሕገ መንግሥት እያስተማረ።

ጊዜው ሰኔ 1978 ዓ.ም. ነው። የአዲሱ ሕገ መንግሥት ረቂቅ ወጥቶ፣ ሕዝቡ በየቀበሌውና በየመሥሪያ ቤቱ እየተሰበሰበ ይወያይበት ተብሏል። ውጭ አገር ያለውም አልቀረለትም። ሆላንድ ያሉት ኢትዮጵያውያን ያኔ ብዙ አልነበሩም፤ ግማሹ ስደተኛ ነውና ወደ ስብሰባው ዝር አይልም። የቀረው ተማሪ፣ ሠራተኛ፣ ፓስፖርቱን የሚያሳድስ፣ አገር ቤት ዘመድ ያለው ነው። ማለትም መቅረት የማይችል።

ይሁኔ መቅረት ከማይችሉት ዋናው ነበር። ዴንሃግ የመጣው ለሁለተኛ ዲግሪ ነው። ሚስቱ አፀደና የአራት ዓመት ልጃቸው ሰገነት አዲስ አበባ ናቸው፤ ለጊዜው ብቻ ተብሎ። ትምህርት ቤቱ ለቤተሰብ የሚሆን ሁለት ክፍል ሰጥቶታል። የሆላንድ ቪዛቸው ተፈቅዷል። የቀረው የመውጫ ቪዛ ነው። ያን ዘመን የማታውቁት ካላችሁ ልንገራችሁ፦ ሰው ከገዛ አገሩ ለመውጣት አገሩ መፍቀድ ነበረባት። ፈቃዱ ዛሬ ነገ እየተባለ ሰንብቶ፣ ግንቦት ላይ «አልቋል፤ ፊርማ ብቻ ነው የቀረው» ተብላ አፀደ ሻንጣ ገዝታለች። ይሁኔ ከዚህች ፊርማ ሌላ ከዓለም የሚፈልገው ነገር አልነበረም።

ስብሰባው የተጠራው እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ሮተርዳም ወደብ አጠገብ ካለ የሰፈር አዳራሽ ነው። ሊቀመንበሩ ጋሽ አድማሴ ናቸው። ወጣትነታቸውን በመርከብ ላይ ጨርሰው፣ ሮተርዳም ወርደው የቀሩ፣ አሁን በአንድ የጭነት ወኪል ቢሮ የሚሠሩ ሽማግሌ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ይህን አስቀድሜ ልናገር። የታመመ ይጠይቃሉ፣ ቤት ያጣውን ያስጠጋሉ። ከስብሰባ ብዛት የተማሩት አንድ ዘዴ ግን ነበራቸው፦ ጥያቄ ያድላሉ። ጥያቄ ያልታደለበት ስብሰባ ወይ ዝም ይላል፣ ወይ ይናገራል፤ ሁለቱም ለሊቀመንበር አይበጅም።

በሩ ላይ ቆመው እንደ ጠበል ሲያድሉ ይሁኔ ደረሰ።

«አንቺ አበባይሽ፣ የጋብቻውን። አዘዘ፣ አንተ የሰንደቅ ዓላማውን። እንዳትንተባተብ ደግሞ! መምህር፣ ለአንተ የምክትሉን አስቀምጬልሃለሁ። 'ምክትል ፕሬዚዳንቱን ማን ይመርጠዋል?' ትላለህ። ጓድ ባዩ 'ብሔራዊ ሸንጎው' ይልሃል። አመስግነህ ትቀመጣለህ።»

«እሱንማ ረቂቁ ላይ አንብቤዋለሁ እኮ ጋሽ አድማሴ።»

«ማንበብህን ማን ጠየቀህ? ጠይቅ ነው ያልኩህ።»

ጓድ ባዩ ውይይቱን እንዲመራ ሆላንድን ከሚይዘው የብራስልስ ኤምባሲ የመጣ ሰው ነው። ወፍራም፣ ድምፁ ለስላሳ፣ ክራቫቱ የማይዛነፍ። አበባይሽ የጋብቻውን ጠየቀች፤ ተመለሰላት። አዘዘ፣ በስኬቨኒንገን ባሕር ዳርቻ አንድ ሆቴል ውስጥ ሳህን የሚያጥበው ቀልደኛ፣ የሰንደቅ ዓላማውን ተንተባተበ፤ ተመለሰለት። ከዚያ ይሁኔ ተነሣ።

«ምክትል ፕሬዚዳንቱን ማን ይመርጠዋል?»

«በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው ጓድ ይሁኔ። ብሔራዊ ሸንጎው ይመርጠዋል።»

አሁን አመስግኖ መቀመጥ ነበረበት። አልተቀመጠም። ጀግንነት አይምሰላችሁ፤ ጀግና ለመሆን የመጣ ሰው ሚስቱ ፊርማ እየጠበቀች አይመጣም። ልማድ ነው። ዕድሜውን ሰሌዳ ፊት ቆሞ የኖረ ሰው፣ ግማሽ መልስ ሲሰማ «እሺ፣ ቀጥል» ማለት ይቀናዋል። ከአፉ አመለጠው።

«እሺ። ስንት እጩ ይቀርብለታል?»

«ለማን?»

«ለሸንጎው። አንድ እጩ ብቻ ከሆነ ማጽደቅ እንጂ መምረጥ አይባልም ብዬ ነው። ሁለት ከሆነ ደግሞ ሁለተኛውን ማን ያቀርበዋል?»

አዘዘ ሳቅ ጀምሮ ወደ ሳል ለወጠው። ጓድ ባዩ ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ ቀስ አድርጎ አጋደመ።

«ጓድ ይሁኔ፣ የምክትሉ ነገር ለምን እንዲህ አሳሰበዎት?»

«ጠይቅ ተብዬ ነው።»

ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ሳቀ። ጋሽ አድማሴ ብቻ ወለሉን አዩ።

«ዋናው ገና ሳይመረጥ ስለ ምክትሉ የሚጨነቅ ሰው፣ ዋናው ምን እንዲሆን እየጠበቀ ነው?»

«ኧረ እንደሱ አይደለም። ሕግ ነው። ሕግ ሲጻፍ ሰው ይታመማል፣ ሰው ይሞታል ተብሎ ነው…»

ይሞታል። ቃሏ ከወጣች በኋላ የሚመልሳት አልነበረም። አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ወንበሩን ትንሽ ፈቀቅ አደረገ። ጓድ ባዩ ፊቱ ቀላ፤ 'እርስዎ' የምትባለውም ቃል እዚያው ቀረች።

«እዚህ የተቀመጥክበት አገር ንግሥቲቱን ማን መረጣት? ስንት እጩ ቀረበላት? አልሰማህም? ሂድና እሷን ጠይቃታ! እኛ ላይ ሲሆን ነው እንጂ ምላስህ የሚረዝመው!»

ጭብጨባው አዳራሹን አናጋው። እውነትም ንግሥቲቱን የመረጣት የለም። ግን የሆላንድ ሰው ሚስቱን ይዞ ከአገሩ ለመውጣት የንግሥቲቱን ፊርማ አይጠብቅም፤ ይህን የተናገረ ግን አልነበረም። ይሁኔም ተቀመጠ። በመጨረሻ የድጋፍ መግለጫ ተነበበ። «የሚቃወም? ድምፁን የሚያቅብ? በሙሉ ድምፅ ጸድቋል።» የይሁኔም እጅ ወጥታ ነበር።

ወደ ትራሙ ፌርማታ ሲሄድ ጋሽ አድማሴ እያለከለኩ ደረሱበት።

«ምን በደልኩህ? ምን አደረግኩህ ይሁኔ?»

«እርስዎ ምን አደረጉኝ ጋሽ አድማሴ፤ ምንም።»

«'ጠይቅ ተብዬ ነው' ትላለህ? እኔ ተቀምጬ? ጠይቅ ያልኩህን ጠይቀህ ቁጭ ብትል ምን ነበረበት?»

«መጠየቅ ጥፋት ከሆነ ለምን ሰበሰቡን?»

«እንድትጠይቁ ነዋ! የታደላችሁትን!» አሉና ዙሪያቸውን አዩ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የባለቤትህ ጉዳይ የት ደረሰ?» ብለው ጠየቁት። ይሁኔ ነገሩ የት ሊደርስ እንደሚችል የገባው ያን ጊዜ ነው።

በሳምንቱ ዴንሃግ ፖስታ ቤት ገብቶ ከስልክ ክፍሎቹ በአንዱ ቆመ። አዲስ አበባ አፀደ ከጎረቤቷ ከእትዬ የትነበርሽ ቤት ነው የምታነጋግረው፤ ስለዚህ የሚባለውን ሁሉ እትዬ የትነበርሽም ይሰማሉ።

«ፊርማው ወጣ?» አላት።

«ተመለሺ አሉኝ። ትናንት ሄጄ ነበር፤ ልጅቷ አየችኝና ገብታ ወጣች። 'ጉዳይሽ እንደገና እየታየ ነው' አለችኝ። ምን ሆኖ ነው ይሁኔ?»

«ምን አውቃለሁ።»

«ታውቃለህ። ድምፅህ እንደሱ ሲሆን አውቅሃለሁ።»

ነገራት። መስመሩ ይንሿሿል።

«ስንት እጩ ነው ብለህ ጠየቅህ?»

«አዎ።»

«ምክትል ፕሬዚዳንት ልትሆን ነው?»

«አፀደ…»

«አይ፣ ልወቀው ብዬ ነው። ሁለተኛው እጩ አንተ ከሆንክ ሻንጣውን ልመልሰው።»

አልሳቀችም። እሱም አልሳቀም።

በመስከረም «እየታየ ነው»፤ በኅዳር «ኃላፊው ለመስክ ሥራ ወጥተዋል»፤ በታኅሣሥ ደግሞ «ማን ነው አልቋል ያለሽ?» በጥያቄው ምክንያት ነው ያለ ሰው የለም። አይደለም ያለም የለም። ይህ ነው የሚያንገበግበው! አንድ ሰው ቢሳደብ፣ አንድ ሰው «ባልሽ ጠላት ነው» ቢል፣ ቢያንስ የሚከራከሩት ነገር ይኖራል። ይሁኔ ክርክር ያስተማረ ሰው ነው። ዝምታን በምን አንቀጽ ይከራከረዋል? ብራስልስ ደወለ፤ ጻፈ፤ በባቡር ሄዶ አንድ ቀን ሙሉ ደጅ ጠና። ጓድ ባዩ ስብሰባ ላይ ናቸው ተባለ።

አንድ ቅዳሜ የባሰበት ዕለት አምስተርዳም፣ ኢንዲሸ ቡርት ከሚባለው ሰፈር፣ ሸዋዬ ዘንድ ሄደ። ሸዋዬ በሱዳን በኩል የወጣች ስደተኛ ናት፤ ማለዳ ማለዳ ቢሮ ታጸዳለች፤ አፀደን ከልጅነት ጀምሮ ታውቃታለች። ከዳፐርማርክት ገበያ የገዛችውን ሽንኩርት እየላጠች ሰማችው።

«እና መምህር፣ ዓለም የማይጠይቀውን ጠይቀህ ስታበቃ ወደ እኔ ወደ ፀረ ሕዝቧ መጣህ?»

«አትቀልጂ ሸዋዬ። ምን ላድርግ?»

«ወረቀት ጠይቅ። ፖሊስ ጣቢያ ግባና 'ልመለስ አልችልም' በል። ሥራ እስክታገኝ እንደኛ ኡትከሪንግህን ትበላለህ፤ መንግሥት ይቀልብሃል።»

«አፀደስ?»

ቢላዋውን አስቀመጠች። «አፀደማ ያን ቀን የከዳተኛ ሚስት ትሆናለች። አልዋሽህም።»

«ብመለስስ?»

«ብትመለስማ ሦስታችሁም አንድ አገር ናችሁ። አንድ ቤት ነው ወይስ አንድ ሌላ ቦታ፣ እሱን እኔ አላውቅም። ወንድሜም እንዲህ ብሎ ነበር የተመለሰው።»

ወንድሟ ቤቱ ሳይደርስ እንደቀረ ሁሉም ያውቃል።

«ሌላ መንገድ የለም?»

«አለ። ጥያቄውን ያደለህ ሰውዬ እግር ላይ ውደቅ። ጋሽ አድማሴ ይሙት፣ ሆላንድ ውስጥ እሳቸው የማያስታርቁት የለም። እኔ ግን ብሞት አላደርገውም፤ እወቀው።» ሽንኩርቱን አነሣች። «የእኔ ልጅ ግን እዚህ አጠገቤ ናት። ስለዚህ የእኔን አትስማ።»

ወደቀ። ጋሽ አድማሴ በእርግጥም አስታራቂ ነበሩ፤ ሁለት ጊዜ ብራስልስ ተመላልሰው መላ ይዘው መጡ። ግለሂስ ያድርግ ተባለ። በሰው ፊት የጠየቀውን በሰው ፊት ያውግዝ፤ ከዚያ የቤተሰቡ ነገር ይታይለታል። ግለሂስ ማለት ሰው ተነሥቶ ራሱን የሚከስበት፣ ራሱ ላይ የሚመሰክርበት፣ ሲጨርስም የሚጨበጨብለት ሥርዓት ነው። ይሁኔ የሕግ ሰው ነውና ዳኛውና ከሳሹ የት እንደሚቀመጡ ለማወቅ ቸግሮት ይሆናል።

በጥር፣ አምስተርዳም ዳር ዲመን ካለው የተማሪዎች ፎቅ ምድር ቤት፣ የፒንግ ፖንግ ጠረጴዛው ወደ ግድግዳ ተገፍቶ ወንበር ተደረደረ። ጋሽ አድማሴ ዛሬም በሩ ላይ ቆመው አደሉ፤ ዛሬ የሚያድሉት ግን ለጓድ ባዩ ጥያቄ የሚሆነውን መልስ ነው፤ ተቀባዩም አንድ ሰው ብቻ ነው።

«በምንም ተአምር አትጨምር» አሉት፣ የኮቱን ኮሌታ እያቃኑለት። «ልጄ፣ አንዲት ቃል አትጨምር።»

«ጥያቄው ከምን የመነጨ ነበር?» አለ ጓድ ባዩ።

«ከንዑስ ከበርቴ አመለካከት።»

«ዓላማውስ?»

«ውይይቱን… ለማደናቀፍ።»

«ማን ነበር ጠይቅ ያለህ?»

ይሁኔ ጋሽ አድማሴን አያቸው፤ ሽማግሌው ላብ አጥምቋቸዋል፤ ያውም በጥር።

«ማንም አላለኝም። ከራሴ ነው።»

«አሁንስ?»

«ጥያቄዬን ሰርዣለሁ።»

ተጨበጨበ። ጓድ ባዩ መጥቶ አቀፈው፤ ጥሩ ሽቶ ይሸታል። «የቤተሰብህን ነገር ለእኔ ተወው» አለው ጆሮው ላይ። አዘዘ መጥቶ ጀርባውን መታ መታ አደረገውና ወንበሮቹን መሰብሰብ ጀመረ። ይሁኔ ወደ ዴንሃግ በሚመለሰው ባቡር ውስጥ መጽሐፍ ገልጦ እስከ መጨረሻው ጣቢያ አንድ ገጽ ላይ ቆየ። አገር ቤት የተዋቸውን ተማሪዎቹን እያሰበ ነበር። ከእንግዲህ አንዱ ተነሥቶ እውነተኛ ጥያቄ ቢጠይቀው በየትኛው ፊቱ ያየዋል?

ይሁን፤ ይህም ይዋጥ። ፊርማው ከመጣ ይዋጣል። አልመጣም። በየካቲት አልመጣም፤ በሚያዝያ አልመጣም፤ በሚያዝያ መጨረሻ ጓድ ባዩ ወደ አገር ቤት ተጠርቶ ሄደ። በምትኩ ጓድ ሽባባው የሚባል ወጣት መጣ። ትሑት፣ ፈገግተኛ፣ እንግሊዝኛው የጠራ። ይሁኔን ተቀብሎ አነጋገረው፤ ወንበርም ሳበለት።

«መምህር፣ እኔ ልረዳዎት እፈልጋለሁ። ግን ምኑን ልፍታ? ጥያቄውን ሰርዘዋል፤ ስለዚህ አልተጠየቀም። ካልተጠየቀ እርስዎ ላይ ምንም ነገር የለም። ምንም ከሌለ ደግሞ የሚነሣልዎ እገዳ የለም።»

«ታዲያ ለምን አይወጡም?»

«እሱ አዲስ አበባ ነው።»

አዲስ አበባ ደግሞ ለአፀደ «እሱ ብራስልስ ነው» ብሏታል። በሰኔ ስትጠይቅ መልሱ ለስልሶ ቆያት፦ «ባለቤትሽ ትምህርቱን ጨርሶ ሲመለስ መገናኘታችሁ አይቀርም።» ስልኩ ላይ ይህን ስትነግረው ድምፅዋ ደክሟል። ቆይ፣ ልጅህ ታነጋግርህ አለችና ስልኩን ለልጅቷ ሰጠቻት። ሰገነት አምስት ዓመት ሆኗታል።

«አባባ፣ ምን አጥፍተህ ነው?»

«ምንም አላጠፋሁም የኔ እናት።»

«እትዬ የትነበርሽ አጥፍቷል አሉ።»

ከመስታወቱ ውጭ አንዲት የሆላንድ አሮጊት ተራዋን እየጠበቀች ሰዓቷን ታያለች። ለአምስት ዓመት ልጅ ምን ይባላል? ጠይቅ ተብዬ ጠየቅሁ፣ ሰርዝ ተብዬ ሰረዝኩ ይባላል? «እናትሽን ስጪኝ» አላት። መስመሩ ተቋርጦ ነበር።

ጳጉሜን ላይ ሸንጎው ተሰበሰበ። ይሁኔ ማታ ማታ በአጭር ሞገድ ሬዲዮ ይከታተል ነበር፤ ዋናው መመረጡን፣ ምክትሉም መመረጡን፣ አገሩም አዲስ ስም ማግኘቷን ከዚያው ሰማ። ሬዲዮኑን ዘጋና ለእራት ያፈላው ውሃ እስኪደርቅ ድረስ ተቀመጠ። የትምህርት ጊዜው በታኅሣሥ ያልቃል። ሁለቱን ክፍሎች ለሌላ ቤተሰብ እንዲለቅ ትምህርት ቤቱ በትሕትና ጠይቆታል።

በመስከረም መጀመሪያ፣ ስኬቨኒንገን፣ አዘዘ በሚሠራበት ሆቴል፣ ለአዲሱ ዓመትና ለአዲሷ ሪፐብሊክ የደስታ ግብዣ ተደረገ። ባሕሩ በመስኮት ይታያል። የሆላንድ እንግዶች ተጠርተዋል፤ ፕሮፌሰሮች፣ የማዘጋጃ ቤት ሰዎች፣ ካሜራ ያንጠለጠለ አንድ ጋዜጠኛ። ይሁኔ አልተጠራም ነበር። አዘዘ በወጥ ቤቱ በር አስገባው። «ብርጭቆ ያዝ፣ ሰው ትመስላለህ» አለው፤ ወደ ሥራው ሲመለስ ግን ፊቱ ላይ ፍርሃት ይነበብ ነበር።

ጓድ ሽባባው ስለ ምርጫው በሁለት ቋንቋ ተናገረ። ሕዝቡ ሸንጎውን፣ ሸንጎው ፕሬዚዳንቱንና ምክትሉን እንዴት በአንድ ድምፅ እንደመረጠ አብራራ። አንድ ፕሮፌሰር በአክብሮት ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ፣ እንግዶች ስላሉ፣ ጓድ ሽባባው እጁን ዘርግቶ፣ «ጥያቄ ያለው ካለ በደስታ እንመልሳለን» አለ። በግራ በኩል አበባይሽ የታደለችውን ልትጠይቅ ጉሮሮዋን ጠረገች።

ይሁኔ ቀደማት።

ምን ሊያተርፍ? ምንም። ያውቃል። ሸዋዬ ከነገረችው ቀን ጀምሮ ሦስቱንም በሮች፣ አንዱን በእጁ ሁለቱን በሐሳቡ፣ አንኳኩቶ አይቷቸዋል። ይህም እንደማይከፈት፣ ይባስ ብሎ የቀሩትን እንደሚቆልፍ ያውቃል። ግን ዝም ብሎም ተቆልፏል፤ ጎንበስ ብሎም ተቆልፏል። ጋሽ አድማሴ ከኋላው መጥተው ኮቱን ጎተቱት። «ልጄ፣ ተቀመጥ፤ በእግዚአብሔር ተቀመጥ፤ ገና አንድ ጊዜ ብራስልስ ልሂድልህ።» እጃቸውን በቀስታ ከኮቱ አላቀቀ። ጓድ ሽባባው ፈገግታው ሳይጠፋ ለሙዚቃው ሰው ምልክት ሰጠ፤ ክራሩ ከድምፅ ማጉያው ተለቀቀ፤ እንግዶቹ የፕሮግራሙ ክፍል መስሏቸው ወደ ይሁኔ ዞሩ። በሙዚቃው ላይ መጮህ ነበረበት፤ ጮኸ።

«ስሜ ይሁኔ ወልደየስ ነው። ማንም ጠይቅ አላለኝም። ሚስቴ አፀደ ትባላለች፤ ልጄ ሰገነት ትባላለች፤ የሚወጡበትን ፊርማ ከልክሎ የተቀመጠ አንድ ሰው አለ። አዲስ አበባ ብራስልስ ነው ይላል፤ ብራስልስ አዲስ አበባ ነው ይላል። እኔ ግን ሰው ነው እላለሁ፤ ስም ያለው፣ ብዕር የያዘ ሰው! ማነው? ቢሮ ጠርታችሁ በጆሮዬ አትንገሩኝ፤ በጋሽ አድማሴ አትላኩብኝ። እዚሁ፣ እነዚህ ሁሉ ሰዎች እየሰሙ፣ በአማርኛም በእንግሊዝኛም፣ ሙዚቃውን ዝጉትና መልሱልኝ፦ ሚስቴንና ልጄን የከለከለው ማነው? መልሱ!»